ልጁን ስታክሙ ቤቱንም እዩት

(ባሕር ዳር ላይ ለወላጆች፣ ለጤና ባለሙያዎችና ለመምህራን በተዘጋጀ መድረክ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። መደጋገሙንም ሳላወጣ እንዳለ አስቀምጬዋለሁ።)

እንዴት አረፈዳችሁ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን፤ አልሐምዱሊላህ።

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ ሼኾቻችን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ የዕድር ዳኞች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች ደግሞ ከሁሉም በላይ እንኳን ደህና መጣችሁ። ልጃችሁ ቢጮህ፣ ቢሮጥ፣ መድረክ ላይ ቢወጣ አትሳቀቁ። ሌሎቻችሁም ዞራችሁ እንዳታዩ አደራ። ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ልጄ ረበሸ ብሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የለም። ከኋላ ያለው ክፍል ጸጥ ያለ ነው፤ መብራቱንም አጥፍተነዋል። የደከመው ልጅ እዚያ ይረፍ።

አንድ ሌላ አደራ። ስጨርስ አታጨብጭቡ። እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አወዛውዙልኝ፣ ይበቃኛል። የጭብጨባ ድምፅ የሚያሠቃያቸው ልጆች መሃላችን ተቀምጠዋል።

እኔ ነርስ ነኝ። ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናትም ነኝ። ልጄ አሁን 13 ዓመቱ ነው። ስለዚህ ካርድ ይዤ ተራ ስጠብቅም፣ ካርድ ተቀብዬ ታካሚ ሳስተናግድም ኖሬአለሁ። የማወራችሁ ከሁለቱም ነው።

ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛው ነገሩ ለምን ቶሎ እንደማይታወቅ ነው። ሁለተኛው ልጆቻችን እንደማንኛውም ልጅ ሲታመሙ ምን እንደሚገጥማቸው ነው። ሦስተኛው ስለሚያሳድጋቸው ሰው ነው። በመሃል ስለ ጣና አነሳለሁ። ባሕር ዳር ላይ ቆሞ ስለ ኦቲዝም የሚናገር ሰው ውሃውን ሳያነሳ ከመድረክ መውረድ የለበትም።

አንደኛውን ልጀምር።

ኦቲዝም ምንድን ነው? የልጁ አእምሮ ገና ከመጀመሪያው የሚያድግበት መንገድ የተለየ መሆኑ ነው። የሚሰማውን፣ የሚያየውን፣ የሚዳስሰውን የሚቀበልበት መንገድ ይለያል። ከሰው የሚግባባበት መንገድ ይለያል። አንዱ ጭራሽ አይናገርም። ሌላው ያወራል፣ ያነባል፣ በሒሳብ ይበልጣችኋል፤ ግን የሰው ፊት ማንበብ ይቸግረዋል። ሁለቱም ኦቲዝም ነው።

እርግማን ነው? አይደለም። ቡዳ ነው? አይደለም። ይተላለፋል? አይተላለፍም። ስልክ ያመጣው ነው? አይደለም። ልጅ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ቢውል አይጠቅመውም፣ ይሄ እውነት ነው። ኦቲዝምን ግን ስልክ አያመጣውም።

ክትባት ነው? ይሄን ረጋ ብዬ ልናገረው፤ ምክንያቱም በዚህ ወሬ ሁለተኛ ልጃቸውን ሳያስከትቡ የቀሩ እናቶች አግኝቻለሁ። በ1998 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር አንድ ሐኪም 12 ልጆችን ይዞ የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። ጽሑፉን ያተመው መጽሔት ራሱ በ2010 እ.ኤ.አ. ሰረዘው። ሐኪሙም የሥራ ፈቃዱን ተነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ከሚሊዮን በላይ ልጆች ላይ በተሠሩ ጥናቶች ግንኙነት አልተገኘም። አስከትቡ። እባካችሁ አስከትቡ። ኩፍኝ ይገድላል።

እናትስ ናት ጥፋተኛዋ? ሊዮ ካነር የሚባል ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ሳይቀሩ እናትን ከሰሱ። ለልጇ ፍቅር ስለነፈገችው ነው አሉ። ሐሰት መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ዘር ትልቅ ድርሻ እንዳለው ዛሬ ይታወቃል። እኛ ሰፈር ግን ክሱ አልቆመም። «እርጉዝ ሆና ምን አይታ ይሆን?» «ሥራ ሥራ ስትል ነው።» «ጸሎት አታደርስም መሰለኝ።» ይሄን የምትሉ ሰዎች ተዉ። እናትየዋ ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ስትጠይቅ ነው ያደረችው። እናንተ አትጨምሩባት።

ስንት ናቸው ትሉኝ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ግምቱ በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት ይላል። መምህራን፣ እስቲ አስሉት። 1,000 ልጆች ባሉበት ሰፈር ወደ 8 የሚጠጉ ይኖራሉ ማለት ነው። ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ 8 ታውቃላችሁ? አታውቁም። ታዲያ የት አሉ? ቤት ናቸው። በር ተዘግቶባቸው ቤት ናቸው። ወይ ደግሞ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው «ሰነፍ» እና «ባለጌ» እየተባሉ ነው።

አሁን ምልክቶቹን ስሙኝ። እናቶች ብቻ ሳትሆኑ አክስቶችም፣ አያቶችም ስሙ። አንድ ዓመት ሞልቶት በስሙ ሲጠሩት ዞር የማይል ልጅ። አንድ ዓመት ተኩል ሆኖት የፈለገውን በጣቱ የማያሳይ ልጅ። 16 ወር ሆኖት አንድ ቃል ያልወጣው። ሁለት ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪኝ» ብሎ ሁለት ቃል የማያገናኝ። ይናገር የነበረና ንግግሩ የጠፋበት ልጅ ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ። ይሄ ሁሉ የግድ ኦቲዝም ነው ማለት አይደለም። ይታይ ማለት ነው። መጀመሪያ ደግሞ ጆሮው ይታይ። የማይሰማ ልጅም በስሙ ሲጠሩት አይዞርም።

ታዲያ ለምን አይታይም? «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ዘግይቶ ነው» እንላለን። «አባቱም እንዲሁ ነበር» እንላለን። ዓመት ይሄዳል። ሁለት ዓመት ይሄዳል። ከዚያ ጸበል ይኬዳል። እኔም ወስጄዋለሁ፤ እምነቴ ነው፣ አላፍርበትም። አባቶቼ፣ እዚህ ስላላችሁ ደስ ብሎኛል፤ በእናንተ በኩል እንዲነገርልኝ የምፈልገው አለ። በኤች አይ ቪ ጊዜ «ጸበሉንም መድኃኒቱንም» ብላችሁ አስተምራችሁ ስንት ሰው ተርፏል። አሁንም እንደዚያው አስተምሩልን። ጸበል የመጣ ልጅ አይታሰር። አይመታ። የሚጥለው ልጅ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ጸበሉ ላይ እያለም ሐኪም ይየው። ሼኾቻችንም እንዲሁ።

እኛ የጤና ባለሙያዎችስ? እኛ ልጁን እንመዝናለን። ክንዱን እንለካለን። እንከትባለን። እንዴት እንደሚጫወት ግን አንጠይቅም። አሁን የምለው ነገር ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው 15 ወር ላይ ነው። ልጁ በእግሩ መጥቶልናል። እናቱ አጠገቡ ናት። መርፌው ከመወጋቱ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ። «ስሙን ስትጠሪው ይዞራል?» «የሚፈልገውን በጣቱ ያሳይሻል?» በቃ። ሁለት ጥያቄ። መልሱ «አይ» ከሆነ «ያድጋል፣ አትጨነቂ» ብላችሁ አትሸኟት። ቀጠሮ ስጧት። ጆሮው እንዲታይ ላኩት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቤቱ የምትገባው የእኛ እህት ናት። በር የተዘጋበትን ልጅ ከእሷ ቀድሞ የሚያገኘው የለም።

እሺ፣ ታወቀ እንበል። ከዚያስ ወዴት? «አዲስ አበባ ውሰጂው» ይባላል።

አዲስ አበባ በጎ ሥራ ተሠርቷል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ነፍሷን ይማርና የራሷን ልጅ ይዛ ተነስታ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። በአገራችን ስለ ኦቲዝም አደባባይ ወጥቶ መናገር የጀመረው በእሷ ነው ማለት ይቻላል። እሷ በ2013 ዓ.ም. ዐረፈች፤ በሩን ግን ከፍታ ነው የሄደችው። ነህምያ የሚባል የኦቲዝም ማዕከልም አለ፤ እሱንም ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። ግን ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ልጁ አውቶቡስ ውስጥ ሙዚቃው ሲጮህ ራሱን ይመታል። ተሳፋሪው «አውርዱልን» ይላል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት አይታችኋል። የጤና መድን ካርድ ያላት እናትስ ትራንስፖርቱን፣ አልጋውን፣ የቀረችበትን የቀን ሥራ ማን ይከፍልላታል? ለአንዲት የዘጌ እናት «አዲስ አበባ ሂጂ» ማለት «ተይው» ማለት ነው።

እዚህስ ባዶ ነን? አይደለንም። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አለ፣ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አለ። የሕፃናት ሐኪም አለ፣ የአእምሮ ሐኪም አለ። ዩኒቨርሲቲያችን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ያስተምራል። ጎረቤታችን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ከፍቷል። ልጅ ቁልፍ መቆለፍን፣ ማንኪያ መያዝን፣ ድምፅ መቋቋምን የሚያለማምድ ሙያ ነው። ሰው አለን። የጎደለን ሰዎቹን የሚያገናኝ ነው። ሐኪሙ መምህሩን አያውቀውም። መምህሩ ጤና ኤክስቴንሽኗን አያውቃትም። ሦስቱን እየዞረች የምታገናኝ እናትየዋ ናት፤ ልጁን አዝላ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። 9 ጊዜ በቡድን፣ 3 ጊዜ ቤት ለቤት የሚሰጥ ነው። ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ወላጆች ነው። አሠልጣኙ ስፔሻሊስት መሆን አይጠበቅበትም፤ ነርስ ሊሆን ይችላል፣ መምህር ሊሆን ይችላል። በአገራችንም ተሞክሯል። ምን ያስተምራል? ሙያ አይምሰላችሁ። ልጅህ መኪናዋን ሲደረድር አብረህ ተቀመጥና ደርድር ይላል። እጁን ይዞ ወደ ውሃው ሲጎትትሽ «ውሃ» በዪለትና ጠብቂው ይላል። ቤት ውስጥ፣ በየቀኑ፣ በሚበላበትና በሚለብስበት ሰዓት። ይሄን ባሕር ዳር ላይ ለመጀመር ሕንጻ ያስፈልጋል? አንድ ክፍልና ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው የሚያስፈልጉት። የሚመለከታችሁ እዚህ ተቀምጣችኋል። አስቡበት።

ሁለተኛው ነገር። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ኦቲዝም ያለበት ልጅ እንደ ሌላው ልጅ ሆዱን ያመዋል። ጆሮው ይመግላል። ጥርሱ ይበላል። ልዩነቱ «እዚህ ጋ አመመኝ» አለማለቱ ነው። ታዲያ ሕመሙ በምን ይወጣል? በጩኸት። በመናከስ። ራስን በመምታት። ሰው ደግሞ ይሄን ሲያይ «ኦቲዝሙ ባሰበት» ይላል።

ልጄ 8 ዓመት ገደማ ሳለ ቀኝ ጉንጩን ግድግዳ ላይ መምታት ጀመረ። ማታ ማታ ይብስበታል። አንድ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። «ጠባዩ ነው፣ ማስታገሻ እንስጠው» አሉኝ። እኔ ግን ሲበላ አይቼዋለሁ። እንጀራውን በግራ በኩል ብቻ ነው የሚያኝከው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲሰጡት ኩባያውን ይገፋል፤ ለብ ሲልለት ይጠጣል። ጥርሱ እንዲታይልኝ እፈልጋለሁ አልኩ። «አያስነካም» አሉኝ። እንዲሞከር እፈልጋለሁ አልኩ።

በስንት ልመና አንዲት ወጣት የጥርስ ሐኪም ተቀበለችን። ጓንቷን ሳታጠልቅ በፊት ትንሿን መስታወት ለልጄ ሰጠችው። ያዛት፣ አገላበጣት፣ ጣሪያውን አየባት፣ አሸተታት። ዝም ብላ ጠበቀችው። ከዚያ ራሷ አፏን ከፍታ በመስታወቷ አሳየችው። የወንበሩን መብራት ከዓይኑ ላይ አዞረችው። ያን ቀን ጥርሱን አልነካችም። «ነገ ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ ኑ» አለችን። በማግስቱ አፉን ከፈተላት። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱ እስከ ሥሩ ተበልቷል። ተነቀለ። ግድግዳውን መምታቱ ቀረ።

ማስታገሻው ቢሰጠው ኖሮስ? ልጁ ደንዝዞ ሕመሙን ይዞት ይኖር ነበር። ጤና ባለሙያዎች፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይቺን ያዙልኝ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጠባዩ በድንገት ከተለወጠ መጀመሪያ ሕመም ፈልጉ። ጥርሱን እዩ። ጆሮውን እዩ። ሆዱን ዳስሱ፤ ድርቀት ብዙዎቹን ያሠቃያቸዋል፣ ምግብ ስለሚመርጡ። ቀና ብሎ አፍጥጦ የሚቀር ከሆነ፣ ከእጁ ዕቃ የሚወድቅ ከሆነ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። በኦቲዝም ልጆች ላይ ከሌላው ልጅ በብዙ ይበልጣል፤ ደግሞም መድኃኒት አለው።

መድኃኒት ስል፣ ወላጆችም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኦቲዝምን የሚያድን መድኃኒት የለም። አለ ብሎ ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ሽሹ። ሐኪም የሚሰጠው መድኃኒት ሲኖር ከኦቲዝሙ ጋር ለሚመጣው ለሌላው ነው። ለሚጥለው፣ እንቅልፍ ለሚነሳው፣ ራሱን ለሚጎዳው። እሱንም በክትትል።

ደግሞ ተራው! ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ሦስት ሰዓት የሚጠብቅ ልጅ ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ አልቆለታል። ጫጫታው፣ የክሎሪኑ ሽታ፣ የሕፃናቱ ለቅሶ። ሐኪሙ የሚያየው ልጁን አይደለም፤ የሦስት ሰዓት ሥቃይን ነው። ስለዚህ የጠዋቱን የመጀመሪያ ቀጠሮ ስጡን። ውጭ ዛፍ ሥር እንጠብቅና ሲደርስ በስልክ ጥሩን። ካርዱ ላይ ምልክት አድርጉልን፣ በየመስኮቱ ስለ ልጃችን ሰው ፊት እንዳናስረዳ። ምን ያስወጣል? እስክሪብቶ ነው የሚያስወጣው። ሌሎቻችሁ ተራ ጠባቂዎችም አንዲት እናት ስታልፍ «በምን ሂሳብ?» አትበሉ። አሳልፏት።

አሁን ወደ ጣና ልውሰዳችሁ።

ብዙዎቹ ልጆቻችን ውሃ ይወዳሉ። ብርሃኑ፣ እንቅስቃሴው፣ ድምፁ ይስባቸዋል። ከቤት መውጣትም ይወዳሉ። አሜሪካ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከ4 ዓመታቸው በኋላ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጠፍተው ለመሄድ ሞክረዋል ይላል። ከጠፉት ውስጥ ብዙዎቹን ለሞት የሚዳርገው መስጠም ነው። እኛ ደግሞ የት ነው ያለነው? ባንድ በኩል ጣና፣ በሌላ በኩል ዓባይ። ጉማሬውም አለ።

አንድ ጊዜ፣ የጥምቀት ሰሞን ነው። ከበሮው፣ እልልታው፣ ድምፅ ማጉያው ከተማውን ሞልቶታል። ልጄ ጆሮውን ይዞ ሲዞር ቆየ። በሩ ለእንግዳ ሲከፈት ወጣ። ጎረቤት ሁሉ ወደ መናኸሪያ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ሰዉ ሮጠ። እኔ ቀጥታ ወደ ውሃው ሮጥኩ። ስደርስ ደንገሉ መሃል እስከ ወገቡ ገብቷል። አንድ ዓሣ አስጋሪ ቀድሞ አይቶታል። አልጮኸበትም። ታንኳውን በልጄና በጥልቁ ውሃ መሃል አስገብቶ አቁሞታል፤ መቅዘፊያውን ደቅኖ ዝም ብሎ ተቀምጧል። «ብጮህበት ወደዚያ ይሄዳል ብዬ ነው፣ እታለም» አለኝ። ማን አስተማረው? ማንም። ፍየል ሲነዳ የተማረው ይሆናል። እኚያን አያ ዕድሜ ይስጥልኝ።

እንግዲህ እለምናችኋለሁ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ሲጠፋ መጀመሪያ ወደ ውሃው! ገበያው ይቆይ፣ መናኸሪያው ይቆይ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሰው ላኩ፤ እናንተ ወደ ውሃው። እንደገና ልበለው፤ መጀመሪያ ወደ ውሃው! ወላጆች፣ የልጃችሁን ፎቶ ለሰፈሩ ባጃጅ ነጂዎች፣ ለሊስትሮዎች፣ ለጀልባ ሠራተኞች ስጡ። «ስሙን ብትጠሩት አይዞርም፤ አትጩሁ፣ አትያዙት፣ መንገዱን ዝጉና ደውሉልኝ» በሏቸው። ስልክ ቁጥራችሁን ልብሱ ላይ ከውስጥ በኩል ጻፉ፤ አንገቱ ላይ የሚያሳክከውን የልብሱን ታርጋ ግን ቆርጣችሁ ጣሉ። የበሩን መቀርቀሪያ ከፍ አድርጉት። ዋና ማስተማር የሚችል ዘመድ ካላችሁ ልጁን ያስተምረው። እዚህ ከተማ ዋና የሚችል ጎረምሳ ሞልቷል።

ሦስተኛው። የሚያሳድገው ሰው።

አንዲት እናት ጤና ጣቢያ መጣች። ራስ ምታት ነው ብላ ነው። ለካኋት፤ ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። ልጇ አብሯት ነው፤ 6 ዓመት ቢሆነው ነው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ክብ ሆኖ የላጠ ቆዳ አየሁ። ምንድን ነው አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ነገረችኝ። እንጀራ ጋግራ ነው የምታድረው። ልጁ አንድ ቀን የጋለ ምጣድ ላይ እጁን አሳርፏል። ከዚያ ወዲህ ጋግራ እስክትጨርስ እግሩን በነጠላ ጫፍ ከአልጋው እግር ጋር ታስረዋለች። ጎረቤቶቿ ጨካኝ ይሏታል።

ጨካኝ ናት? ልጇ እንዳይቃጠል ያሰረች እናት ጨካኝ ናት? ማሰሩ ልክ አይደለም። ልጅ አይታሰርም፤ ነገርኳትም። ግን «አትሰሪው» ብዬ ብቻ ብሸኛት ምን ታድርግ? ወይ ጋግራ አትሸጥ ይራቡ፣ ወይ ልጁ ይቃጠል? የሚያስፈልጋት ምክር አልነበረም። ምጣዱ እስኪወርድ ልጁን የሚይዝላት ሰው ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቷ ሄደች። ከእነዚያው «ጨካኝ ናት» ካሉት ጎረቤቶች ሁለቱን ቡና ላይ አነጋገረቻቸው። ዛሬ በተራ ይይዙላታል። አንደኛዋ ቤት ልጁ ጤፍ በወንፊት መንፋት ተምሯል፤ እሱን ከያዘ አይነሳም። እናትየዋም ለግፊቷ መድኃኒት ጀምራለች።

እያልኩ ያለሁት ይሄን ነው። ልጁን ስታክሙ ቤቱንም እዩት። እናትየዋን «ልጁ እንዴት ነው?» ብላችሁ ስትጨርሱ «አንቺስ? ማን ያግዝሻል? ትተኛለሽ?» በሏት። ግፊቷን ለኩ። ድብርት ካለባት እሷም ታካሚ ናት፤ ካርድ ይውጣላት። እሷ ከወደቀች ልጁን የሚያነሳው የለም።

አባቶች! ዛሬ የመጣችሁ አባቶች እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ያልመጡትን ግን ንገሩልኝ። ከእኛ የእናቶች ቡድን ብዙዎቹ ብቻቸውን ናቸው። ባል «ከእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብሎ የወጣባቸው አሉ። አልወጣም ግን ልጁን ይዞ መንገድ የማይሄድ አለ። ልጅህን ይዘኸው ውጣ። ጣና ዳር ይዘኸው ተራመድ። አንተ ይዘኸው ስትወጣ ሰፈሩ መቀባበል ይጀምራል። ቅዳሜ ከሰዓት አንተ ጋ ቢውል እሷ ትተኛለች። እንቅልፍ ሕክምና ነው።

የዕድር ዳኞች፣ እናንተንም አስቸግራለሁ። ለለቅሶ ድንኳን አለን፣ ወንበር አለን፣ ተራ ገቢ አለን፣ የቀረን ሰው እንቀጣለን። አሠራሩ ያው በእጃችን ነው። በወር ሁለት ቀን ለእነዚህ ቤቶች ተራ ገቢ መመደብ አይቻልም? በየዕድሩ አንድ ቤት ወይም ሁለት ቤት ቢሆኑ ነው። ድንኳን አትከሉ። ሁለት ሰዓት ልጅ ያዙ።

ሴት ልጆች ስላሏችሁ ወላጆች አንድ ቃል። ሴቶቹ ዝም ስለሚሉ ኦቲዝማቸው ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። ሲያድጉ ደግሞ የወር አበባ ይመጣል። ሳይመጣ በፊት አሳዩዋት፣ በሥዕል፣ በተግባር፣ ደጋግማችሁ። ሰውነቷን ማን ሊነካ እንደሚችል፣ ማን እንደማይችል አስተምሯት። መናገር የማትችል ልጅን የሚያጠቃ ሰው እንደማትናገር ያውቃል። ይሄ ከባድ ነገር ነው፤ ለብቻው ቀን እንይዝለታለን።

መንግሥትንም አልረሳሁትም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ላይ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን ለማቋቋምና ለመርዳት መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ ያደርጋል ይላል። የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት አገራችን በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። እኛ የምንጠይቀው ለዚህ ከተማ ሦስት ነገር ነው። የእድገት ችግር ያለባቸው ልጆች የሚታዩበት በሳምንት አንድ ቋሚ ቀን። ቅድም ያልኩት የወላጆች ሥልጠና። በየትምህርት ቤቱ ልጁን የሚቀበል የሠለጠነ መምህርና አንድ ጸጥ ያለ ክፍል። ጽፈነዋል፤ ፈርመን እናስገባለን። መፈረም የምትፈልጉ ወረቀቱ መግቢያው ጋ አለ።

የእናቶች ቡድናችን ቅዳሜ ቅዳሜ ይገናኛል። ቡና አለ። ልጅ ይዞ መምጣት ይቻላል፤ መያዣ ሰው አለን። አባቶችም ኑ። ከመግቢያው በስተግራ የተቀመጠችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትመዘግባችኋለች። ስለ ልጃችሁ በግል መጠየቅ የምትፈልጉ እስከ ስድስት ሰዓት አለሁ።

ጥያቄ ካለ አሁን እቀበላለሁ። ድምፅ ማጉያውን ቀንሱልኝ እባካችሁ። እሺ፣ እዚያ ከመስኮቱ ጋ ልጇን ያቀፈችው እናት ቀድማ እጇን አንሥታለች። አንቺ ጀምሪ።